ደረሰኙ አለ ብሩ የለም፦ ጎንደር ላይ የምርቃት ብር በላ ተብሎ የታሰረ የኮሌጅ ተማሪ ጉዳይ

ለምን እንደጻፍኩት

በ2017 ሚያዝያ ማለቂያ ላይ ጎንደር ውስጥ በአንድ የግል ኮሌጅ አካውንቲንግ የሚማር የመጨረሻ ዓመት ልጅ የክፍሉን የምርቃት ብር በልቷል ተብሎ ታሰረ። እኔ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ፣ ከልጁ አባት ጋር ድሮ አምባ ጊዮርጊስ ስሠራ ጀምሮ እንተዋወቃለን፣ እና ጉዳዩ ከተነሳበት ቀን እስከተዘጋበት አብሬያቸው ስሮጥ ስለነበር ከሞላ ጎደል ሁሉንም አይቸዋለሁ። የማንንም ስም አልጠራም፣ ኮሌጁንም ባንኩንም አልጠቅስም። ልጁና አባቱ እንድጽፈው ፈቅደዋል፣ እንደውም አባትየው "ጻፈው፣ የሌላ ሰው ልጅ እንዲህ እንዳይሆን" ነው ያሉኝ።

ከዛ ወዲህ ሁለት የምርቃት ኮሚቴዎች ተመሳሳይ ጭንቀት ይዘው መጥተውብኛል፣ በቃል ከምደጋግመው አንዴ በደንብ ተጽፎ ቢቀመጥ ይሻላል ብየ ነው።

ልጁ፣ ክፍሉና ብሩ

ልጁ ከወገራ ገበሬ ቤተሰብ ነው። ማራኪ አካባቢ አንድ ክፍል ቤት በወር 3,500 ብር ተከራይቶ ይኖራል፣ አባቱ እህል ሲሸጡ ይልኩለታል። ጎበዝ ተማሪ ነው፣ ዝምተኛም ነው፣ የምርቃት ኮሚቴ ሲመረጥ ሁሉም እጁን አውጥቶ ገንዘብ ያዥ ያደረገውም በዚሁ ምክንያት ነው። እሱ እኔ ይቅርብኝ ብሎ ነበር፣ የሰማው የለም።

ክፍሉ 86 ተማሪ ነው። ኮሚቴው ለመጽሔት፣ ለቲሸርት፣ ለላስት ዴይ ዝግጅት ምናምን ብሎ በሰው 2,500 ወሰነ፣ በድምሩ 215,000 ብር ማለት ነው። የኮሚቴ አካውንት ይከፈት ተብሎ ባንክ ሲሄዱ ከኮሌጁ ደብዳቤ አምጡ ተባሉ፣ ኮሌጁ ደግሞ ይሄ የተማሪዎች የግል ጉዳይ ነው እኛን አይመለከተንም አለ። ያኔ የኮሚቴው ሰብሳቢ "ባንተው አካውንት ይግባ፣ ምን ችግር አለው" አለና ነገሩ እዛው አለቀ። አባቱ የሚልኩለት፣ የቤት ኪራዩ፣ የምሳው፣ የ86 ሰው ብር፣ ሁሉም አንድ አካውንት ውስጥ ተቀላቀለ። እኔ እንደሚመስለኝ የዚህ ልጅ ችግር የተጀመረው የታሰረ ቀን አደለም፣ ያን ቀን የካቲት ላይ ነው።

አከፋፈሉ እንዲህ ነበር። ተማሪው በሞባይል ባንኪንግ ይልካል፣ የደረሰኙን ስክሪንሾት ለገንዘብ ያዡ በቴሌግራም ይልክለታል፣ እሱ ስልኩ ላይ ባለው የስም ዝርዝር ላይ ቲክ ያደርግና "ደርሷል እናመሰግናለን" ብሎ ይመልሳል። ብሩ በእርግጥ አካውንቱ ውስጥ ገብቷል ወይ ብሎ አንድም ቀን አላየም። ባንኩ የሚልከው ኤስኤምኤስ አንዳንዴ ይዘገያል፣ እሱም ፈተና ላይ ነበር፣ ስክሪንሾቱ ደግሞ ላይኑ ሙሉ ነው፣ የባንኩ ዓርማ አለው፣ ስም አለው፣ የብሩ መጠን አለው፣ ኤፍቲ ብሎ የሚጀምረው የዝውውር ቁጥርም አለው።

ሞባይል ባንኪንግ የሌላቸው ወይ ካሽ በእጃቸው የያዙ ልጆችም ነበሩ። ከክፍሉ አንዱ ቀልጣፋ ልጅ "ካሽ ያላችሁ ለኔ ስጡኝ፣ እኔ በስልኬ እልክላችኋለሁ" ብሎ መሰብሰብ ጀመረ። የኮሚቴ አባል አልነበረም፣ ማንም አልወከለውም፣ ግን ሁሉም ይወደዋል፣ ለሰው መላላክ ልማዱ ነው። 20 ተማሪ ካሹን ለሱ ሰጠ። ከዚህ በኋላ ይሄን ልጅ ካሽ ሰብሳቢው እለዋለሁ።

ጭንቁ የጀመረበት ሳምንት

ዝርዝሩ ላይ 86ቱም ቲክ ተደርጎባቸዋል። እስከዛ የወጣው ለመጽሔቱ ቀብድ 70,000 በባንክ፣ ለቲሸርት 43,000፣ ድምር 113,000 ነው። ስለዚህ 102,000 ብር መኖር አለበት። ከፋሲካ በኋላ ፒያሳ ያለው ማተሚያ ቤት ቀሪውን 55,000 ካልከፈላችሁ ማሽን ላይ አላወጣውም አለ፣ ልጁ ሊልክ ስልኩን ከፍቶ ባላንሱን ሲያይ 38,600 ብር ነው ያለው። የጎደለው 63,400 ነው።

እዚህ ላይ ያደረገው ነገር በኋላ በጣም ጎድቶታል። ለማንም አልተናገረም። ሰብሳቢው ሲደውል "ሲስተም የለም"፣ ማተሚያ ቤቱ ሲደውል "ነገ"፣ እንዲህ እያለ አንድ ሳምንት አለፈ። ሌሊት ሌሊት ዝርዝሩን እየደጋገመ ይቆጥራል፣ ሁሌ 86 ነው የሚመጣለት። ሲጨንቀው መኪና ተሳፍሮ አምባ ጊዮርጊስ አባቱ ጋ ሄደ፣ ከዛም በእግር ወደ ገጠሩ ገባ። ስልኩ ባትሪ ጨርሶ አንድ ቀን ተኩል ዝግ ሆነ። ጎንደር ላይ ያሉት ጓደኞቹ ግን ያዩት ሌላ ነው። ሳምንት ሙሉ ሰበብ ሲደረድር የነበረ ገንዘብ ያዥ ስልኩን አጥፍቶ ከከተማ ወጣ። በነሱ ቦታ ብሆን እኔም የማስበው እሱኑ ነው።

በዛው ምሽት ከክፍሉ አንዱ ፎቶውን "የ86 ተማሪ ብር ይዞ የጠፋ ሌባ፣ ያያችሁ ጠቁሙን" ብሎ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፈው። ተማሪና ብር ሲባል ሰው ለማመን ቅርብ ነው። መጋቢት 2016 ላይ የአንድ ትልቅ ባንክ ሲስተም ችግር ገጥሞት በየዩኒቨርሲቲው ያሉ ተማሪዎች ከሒሳባቸው በላይ ሲያወጡ ማደራቸውና በኋላ ያልመለሱት ስማቸውና ፎቶአቸው መውጣቱ ገና አልተረሳም። እዚህ ግን ማንም ምንም ሳያጣራ ነው የተለጠፈው።

እስሩ

ማክሰኞ ከሰዓት ከአባቱ ጋር ተነጋግሮ ሲመለስ ፖሊስ መናኸሪያ ላይ ጠብቆ ያዘው። ኮሚቴው ጠዋት አመልክቶ ነበር። የተጻፈበት መጀመሪያ አታላይነት ነው፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692፣ በኋላ እምነት ማጉደል ወደሚለው ወደ አንቀጽ 675 ተቀየረ። ሁለቱም እንደ ነገሩ ክብደት እስከ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ሊያስቀጡ የሚችሉ ናቸው። ለ23 ዓመት ልጅ ይሄ ቀላል ቃል አደለም።

ሐሙስ ጠዋት ፍርድ ቤት ቀረበ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፣ በዚህ በኩል የጎደለበት ነገር አልነበረም። ፖሊስ ለምርመራ 14 ቀን ጠየቀ፣ በአንድ ጊዜ ከዛ በላይ መጠየቅ አይችልም፣ ዳኛው 7 ቀን ፈቀዱ።

ችግሩ ከዛ በፊት ነው የተፈጠረው። ማክሰኞ ማታ፣ ማንም ሳያማክረው፣ ቃሉን ሲሰጥ መርማሪው "ከዚህ ብር የወሰድከው አለ?" ብሎ ጠየቀው። "አንድ ብር አልነካሁም" አለ። ይሄ ቃል ተጽፎ ፈረመበት። እውነት አልነበረም፣ ወደዛ እመጣለሁ።

ፍርድ ቤት በቀረበ በማግስቱ አርብ ግንቦት ልደታ ነበረች። እናቱ ሌሊት ተነስተው ንፍሮውን ቀቅለው በትንሽ አገልግል ይዘው ከወገራ መጡ። ጣቢያው በር ላይ አገኘኋቸው፣ አገልግሉን ደረታቸው ላይ አቅፈው "አንድ እፍኝ እንኳ ይቅመስልኝ፣ ልደታ ታውቃለች" ይላሉ። ጠባቂው ፖሊስ አየት አደረገውና አስገባላቸው። ልጁ ንፍሮውን ለታሳሪው ሁሉ አካፍሎ ጨረሰው።

ሞክረን ያልሆኑልን ነገሮች

የመጀመሪያው ስህተት የኔ ነው። አባትየውን ቁጭ አድርጌ "አያ፣ 63,400 ብሩን ከፍለን ነገሩ ይብረድ፣ ልጁ ኤግዚት ኤግዛም አለበት" አልኳቸው። የመሰለኝን ነው የተናገርኩት፣ ብዙ ሰው እንደሚመክረው ነው የመከርኩት። እሳቸው ዝም ብለው ቆዩና "ስማኝ ወንድሜ፣ ልጄ በልቶ ከሆነ በሬየን ሸጨ እከፍላለሁ። ካልበላ ግን በሬ ሸጨ ሌባ አላስብለውም። መጀመሪያ መብላቱን አሳየኝ" አሉ። የሒሳብ ባለሙያው እኔ ሆኜ ማስረጃ የጠየቁት ግን እሳቸው ናቸው። ያን ቀን ከፍለን ቢሆን ጉዳዩ ይዘጋ ነበር ይሆናል፣ ግን ልጁ ሌባ እንደሆነ ይቀር ነበር፣ ብሩን የወሰደውም ሳይታወቅ ይመረቅ ነበር።

ሁለተኛ ሽማግሌ ልከን ነበር። ሽማግሌዎቹ ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ ኮሚቴውም አክብሮ ተቀበላቸው፣ ግን "ብራችን የት እንደገባ ንገሩንና እንታረቃለን" ሲሏቸው የሚመልሱት አልነበራቸውም። ሒሳቡ ሳይታወቅ ዕርቅ አይሆንም፣ ልጆቹ እውነታቸውን ነው።

ሦስተኛ ደግሞ ያጎቱ ልጅ ግሩፑ ላይ ገብቶ ፎቶ የለጠፈውን ተማሪ ሰደበው፣ መልስ መጣ፣ ስድቡ ዘር ማንዘር ደረሰ፣ ሁለት ቀን ሙሉ እሳት ሆነ። ከዛ በፊት ልጁን የሚያምኑት አምስት ስድስት ተማሪዎች ነበሩ፣ ከዛ በኋላ እነሱም ዝም አሉ። ስም ማጥፋት ከሆነ በወንጀል ሕጉም በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ 958/2008ም የሚጠየቅበት መንገድ አለ፣ ያንን ሌላ ጊዜ በሥርዓቱ መሄድ ይቻል ነበር።

86ቱ ወረቀቶች

የሠራልን መንገድ የተጀመረው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ካለው የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ አገልግሎት ስንሄድ ነው። እዛ ያገኘናት ወጣት የሕግ ባለሙያ መጀመሪያ የጠየቀችን "በልቷል ወይስ አልበላም" ብላ አደለም፣ "የባንክ ስቴትመንት አላችሁ?" ብላ ነው፣ የአካውንቱ ገቢና ወጪ ተዘርዝሮ የሚወጣበትን የባንኩን ወረቀት ማለቷ ነው። አልነበረንም። ፖሊስም ገና አላስመጣም፣ እስከዛ ድረስ ሁሉም ሰው የሚጨቃጨቀው ልጁ ስልክ ላይ ባለው ዝርዝርና በስክሪንሾት ነው።

በሁለተኛው ቀጠሮ በ15,000 ብር ዋስ ተፈታ። በማግስቱ አብረን ባንክ ሄደን ከየካቲት ጀምሮ ያለውን ስቴትመንት በማህተም አወጣን። ማታ እኔ ቤት ሳሎኑን አጽድተን 86ቱን ስክሪንሾት ፕሪንት አድርገን ምንጣፉ ላይ በተርታ ዘረጋናቸው። እሱ ከወረቀቱ የኤፍቲ ቁጥሩን ያነባል፣ እኔ ስቴትመንቱ ላይ እፈልጋለሁ፣ ሲገኝ በአረንጓዴ እስክሪብቶ ምልክት እናደርጋለን። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ሄደልን። ወደ አምስት ሰዓት ላይ አንድ ቁጥር ሲያነብልኝ "ይሄኛውን ቅድም አግኝተነዋል እኮ" አልኩት። "አይ ጋሼ፣ የቅድሙ የሌላ ልጅ ነው" አለኝ። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አደረግናቸው። ስሙ ይለያያል። ቁጥሩ አንድ ነው። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ደቂቃው፣ ሴኮንዱ ሁሉ አንድ ነው። ደግመን በደንብ ስናየው አንደኛው ላይ ስሙ የተጻፈበት ፊደል ከሌላው ጽሑፍ ትንሽ ወፈር ይላል፣ ከመስመሩም ወደ ላይ ከፍ ብሏል።

ከዛ በኋላ አልተኛንም። እስኪነጋ 17 እንደዚህ አይነት ደረሰኝ አገኘን፣ 17ቱም በሦስት የኤፍቲ ቁጥሮች ላይ ስም እየተቀየረ የተሠሩ ናቸው። ሦስቱ ቁጥሮች ስቴትመንቱ ላይ አሉ፣ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጊዜ ብቻ፣ የላኪው ስም ደግሞ ካሽ ሰብሳቢው ነው። ከ20 ሰው ተቀብሎ የሦስቱን ልኳል፣ የ17ቱን 42,500 ብር አላከም፣ በሦስቱ ደረሰኝ ላይ ስም እየቀየረ ነው የላከለት።

ልጁ ወረቀቶቹ መሀል ተቀምጦ ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዛ "ባንክ ሪኮንሲሌሽን አንደኛ ዓመት ነው የተማርነው፣ ኤ ነው ያመጣሁት" አለኝና ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እኔም የምለው ጠፋኝ። መዝገብህንና የባንኩን መዝገብ ጎን ለጎን አስቀምጠህ አመሳክር ነው ትምህርቱ፣ ከዛ ሌላ ምንም የለውም። እሱ ግን የሰውን ስክሪንሾት ከራሱ ቲክ ጋር ነበር ሲያመሳክር የከረመው፣ ባንኩ መሀል ላይ አልነበረም።

ቀሪው ቀላል ነው። አራት ተማሪዎች ጭራሽ አልከፈሉም፣ "ነገ እልካለሁ ቲክ አድርግልኝ" ብለውት ያደረገላቸው ናቸው፣ 10,000 ብር። የነሱ የተባለው ስክሪንሾት ደረሰኝ አደለም፣ ያላለቀ የመላኪያ ገጽ ነው፣ ፕሪንት ያደረግነው እሱን ነው። 3,900 ብር ደግሞ ለባጃጅ፣ ለፎቶ ኮፒ፣ ለኮሚቴ ስብሰባ ቡና ወጥቶ ደረሰኝ የሌለው ነው።

ሰባት ሺህ ብሯ

42,500፣ 10,000 እና 3,900 ሲደመር 56,400 ነው። የጎደለው ግን 63,400 ነበር። 7,000 ብር ትቀረናለች። የራሱን ገቢና ወጪ ለይተን አውጥተን ደጋግመን አየነው፣ አይገጥምም። ሦስተኛው ላይ ካልኩሌተሩን አስቀመጥኩና አየሁት። አንገቱን አቀርቅሮ "የቤት ኪራይ ነው" አለ። መጋቢትና ሚያዝያ መንገድ ተዘግቶ አባቱ እህል ገበያ ማውጣት አልቻሉም፣ አከራይዋ የሁለት ወር ካልከፈልክ ውጣ አለችው፣ አባቴ ሲልክ እተካዋለሁ ብሎ ከአካውንቱ ከፈለ። አልተካውም። "አንድ ብር አልነካሁም" ያለው ለዚህ ነው፣ 7,000ውን ከተናገርኩ 63,400ውንም በልቷል ይሉኛል ብሎ ፈርቶ።

ይሄ የጉዳዩ ዋና ቦታ ነው ብየ አምናለሁ። የሕግ ባለሙያዋ ስንነግራት ምንም አልተቆጣችም፣ ግን ቁርጥ አድርጋ ነው የነገረችን። ስቴትመንቱ ዐቃቤ ሕግ እጅ ሲገባ 7,000ው ለአከራይዋ የተላለፈው በስም ይታያል፣ ቃሉ ላይ ደግሞ አልነካሁም ብሏል፣ ያኔ 17ቱን የተቀነባበረ ደረሰኝ ብናሳይ እንኳ ማን ያምነዋል? በአንዱ የዋሸ በሌላውም ይዋሻል ይባላል። የጋራ ብርን ለራስ መጠቀም ደግሞ በራሱ እምነት ማጉደል ሊባል የሚችል ነገር ነው፣ ቀላል ነው ብላ አላባበለችንም። ቀድመህ ራስህ ተናገር፣ ብሩን መልስ፣ ከዛ ሕጉ የሚለውን እንቀበላለን አለች።

መጀመሪያ ለአባቱ ነገራቸው። እኔ ውጭ ነበርኩ፣ ምን እንደተባባሉ አላውቅም። ሲወጡ አባትየው "አሁን የምከፍለውን አወቅሁ" አሉኝ። 7,000ውን ለኮሚቴው ሁለት ምስክር ባለበት፣ "ለቤት ኪራይ የወሰድኩት" ተብሎ በግልጽ ተጽፎ መለሱ። 3,900ውን ኮሚቴው ራሱ አብረን የጠጣነው ቡና ነው ይቅር ቢልም እሳቸው እንቢ ብለው ከፈሉት። በማግስቱ ልጁ ጣቢያ ሄዶ ተጨማሪ ቃል ሰጠ፣ 7,000ውንም፣ ስክሪንሾት እያየ ብቻ ቲክ ማድረጉንም፣ አራቱን ያለ ክፍያ ማለፉንም ተናገረ፣ ስቴትመንቱንና 17ቱን ወረቀት አስረከበ።

ዐቃቤ ሕግ ዘንድ

መርማሪው መዝገቡን ሲልክ ዐቃቤ ሕጉ ተጨማሪ ምርመራ ይደረግበት ብሎ መለሰው። 17ቱ ተማሪዎች ተጠሩ። መጀመሪያ ብዙዎቹ መናገር አልፈለጉም፣ ድጋሚ ክፈሉ እንባላለን ብለው ፈርተዋል፣ አንዳንዶቹም ካሽ ሰብሳቢውን ይወዱታል። አንዷ ተማሪ ግን ቻቷን ይዛ መጣች፣ ብሩን በሰጠችው ማታ "ላክሁልሽ፣ ደረሰኙን ለሱ ልኬለታለሁ" ያላት እዛው አለ። ከሷ በኋላ ሌሎቹም ቃላቸውን ሰጡ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ራሱ፣ ከሳሽ የነበረው ማለት ነው፣ ወረቀቶቹን ካየ በኋላ ለልጁ ደግፎ መሰከረ፣ ይሄን ከልቤ አከብርለታለሁ።

በመጨረሻ ዐቃቤ ሕጉ በልጁ ላይ ለክስ የሚበቃ ማስረጃ የለም ብሎ መዝገቡን ዘጋው። እንደተረዳሁት ሁለት ነገር ታይቶለታል። ደረሰኝ ሳያመሳክሩ መቀበል ቸልተኝነት ነው፣ ቸልተኝነት ደግሞ ሕጉ በግልጽ ወንጀል ነው ካላለ በስተቀር አያስቀጣም፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 59 ይሄንን ይላል። 7,000ው ደግሞ ሳይደበቅ ተመልሷል። የካሽ ሰብሳቢው ጉዳይ በሌላ መዝገብ ቀጥሏል፣ ፍርድ ስላላገኘ ስለሱ ከዚህ በላይ አልልም። እሱም እስኪፈረድበት ድረስ ንጹህ ሆኖ የመገመት መብት አለው፣ በፎቶው ላይ ሌባ ብየ አልለጥፍም።

ለሌላ ሰው ይጠቅማል የምለው

የጋራ ብር በግል አካውንት አይቀመጥ። ኮሌጁ ደብዳቤ አልጽፍም ካለ ሁለት ሦስት ሰው በጋራ ፊርማ አካውንት ይከፍታል፣ እሱም ካልሆነ ለዛ ብቻ የሚሆን፣ የራስህ አንድ ብር የማይገባበት ሌላ አካውንት ክፈት። በዚህ ጉዳይ ላይ ይሄ ብቻ ተደርጎ ቢሆን 7,000ዋ ባልተነካች ነበር፣ እኛም አንድ ሌሊት ሙሉ የሱን የምሳ ብር ከክፍሉ ብር ስንለይ ባላደርን።

ስክሪንሾት ብር አደለም። ቲክ የሚደረገው አካውንቱ ውስጥ የገባው ሲታይ ነው፣ በተለይ የኤፍቲ ቁጥሩ። ዝርዝሩ ላይ ከስሙ አጠገብ ቁጥሩን ጻፉ፣ በኤክሴል ከሆነ አንድ ቁጥር ሁለት ጊዜ ሲገባ ወዲያው ይታያል። በሳምንት አንዴ ስቴትመንት አይቶ ግሩፑ ላይ "እስካሁን የገባው ይሄ ነው፣ የወጣው ይሄ ነው" ብሎ መለጠፍ ደግሞ ገንዘብ ያዡን ራሱን ነው የሚጠብቀው። ካሽ የሚሰጥ ሰው በወረቀት አስፈርሞ ለኮሚቴው ይስጥ እንጂ በመሀል ለሌላ አይስጥ፣ ጓደኛም ቢሆን።

ብር ሲጎድል በዛው ቀን ተናገሩ። ልጁ ያን ቀን ማታ 38,600 ነው ያለኝ ብሎ ኮሚቴውን ቢጠራ ኖሮ አብረው ይቆጥሩ ነበር እንጂ አይከሱትም ነበር፣ ሰብሳቢው ራሱ በኋላ እንዲህ ነው ያለኝ። የሳምንቷ "ሲስተም የለም" ከ63,400ው በላይ ጎድታዋለች።

የተያዘ ሰው ካለ ደግሞ ቤተሰብ መጀመሪያ ብር ፍለጋ አይሩጥ፣ መጀመሪያ የሕግ ሰው ጋ ይሂድ። ተጠርጣሪ ዝም የማለት መብት አለው፣ ዝም ማለት ከመዋሸት በብዙ ይሻላል። ጠበቃ ለመግዛት አቅም ለሌለው የሕግ ትምህርት ቤቶች በነፃ ያግዛሉ፣ እኛን ያገዙን እነሱ ናቸው፣ አንድ ብር አልከፈልንም።

አሁን

ካልከፈሉት አራት ተማሪዎች ሦስቱ ከፈሉ፣ እና 57,000 ብር ላይ ስለደረሰ 55,000ው ለማተሚያ ቤቱ ተከፍሎ መጽሔቱ ወጣ። የላስት ዴይ ዝግጅቱ ቀርቶ ኮሌጁ ግቢ ውስጥ በለስላሳና በአምባሻ ተገናኙ። ልጁም ሄዷል፣ ሰብሳቢው ቤቱ ድረስ መጥቶ ነው የወሰደው። ኤግዚት ኤግዛሙን ሰኔ ላይ ተፈትኖ አልፏል።

መጽሔቱ ላይ ፎቶው የለም፣ ገጾቹ ሲዘጉ እሱ ጣቢያ ነበር። ሌባ ብሎ የለጠፈው ተማሪ በውስጥ መስመር ይቅርታ ጠይቆት ፖስቱን አጥፍቶታል፣ ግን ቀድሞ ወደ ሌሎች ግሩፖች ፎርዋርድ ተደርጎ ስለነበር እዛ እስከ ዛሬ አለ። ባለፈው አዘዞ አንድ ድርጅት ለሥራ ሲያመለክት ቃለ መጠይቅ የምታደርግለት ሴትዮ ስልኳን አዙራ "ይሄ አንተ ነህ?" ብላዋለች። የዐቃቤ ሕጉን ደብዳቤ ኮፒ ቦርሳው ውስጥ ይዞ ስለሚዞር አውጥቶ ሰጣት፣ እሷም እስከ መጨረሻው አነበበችው፣ እንደውልልሃለን ብላዋለች። እየጠበቀ ነው።